«እርጅና ነው»፣ «ዕድገት ነው» እያልን ያለፍነው ሕመም

በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ የጀመርኩት በ1975 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ እስክወጣ ድረስ 38 ዓመት በገጠር ጤና ጣቢያም በከተማ ሆስፒታልም ሠርቻለሁ። ዛሬም ሰፈሩ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ግፊት ለመለካት፣ መርፌ ለመወጋት፣ ከሐኪም የተሰጠ ወረቀት ለማስነበብ በሬን የማያንኳኳ ጎረቤት የለም። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት እኔ በገዛ ወንድሜ ላይ ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ለመናገር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምለው። ጡረታ ሲወጣ ሰላሌ ወደሚገኘው የአባታችን ቤት ተመልሶ ሁለት የፈረንጅ ላሞች ገዛና ማርባት ጀመረ። ክረምት ላይ የልጅ ልጆቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ትልቁ ደስታው ወተት ማጠጣት ነበር። ከላሟ ጡት እንደወጣ፣ አረፋው ሳይጠፋ። «የከተማ ወተት ውኃ ነው፤ ወተት ማለት ይህ ነው» ይላቸዋል። እሱም ማታ ማታ አንድ ኩባያ ሳይጠጣ አይተኛም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ወር ደወለልኝ። «እቴ፣ ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ» አለ። እኔም ሳቅሁበት። «ጋሼ፣ 68 ዓመትህ እኮ ነው! ሣር ተሸክመህ እየዋልክ ወገብህ ምን ይሁን ትላለህ?» አልኩት። አዲስ አበባ ሲመጣ ቤቴ አስተኝቼ የዳይክሎፌናክ መርፌ ወጋሁት። ከፋርማሲ የነርቭ ቫይታሚን ገዝቼ ጨመርኩለት። ለሁለት ቀን ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ግን ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። «ሌሊት ሌሊት ያልበዋል። አንሶላው ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «ብርድ መትቶት ነው፤ ትኩስ ነገር ስጪው።» ያን ቃሏን ልብ ብዬ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ አምስት ወር ባልባከነ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወጌሻ መጥቶ አሸው፤ ዋግምትም ተደረገለት። አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ ደም ሰጠ፤ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ የአንድ ሳምንት እንክብል ተሰጠው። ትኩሳቱ በረደ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ኩላሊት ነው ተባለ። ራጅ ተነሣ፤ «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የአጥንት መበላት ነው» ተባለ። እኔም ራጁን በመስኮት ብርሃን አይቼ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ተስማማሁ።

ጥር ላይ ለጥምቀት ስሄድ ደነገጥኩ። ልብሱ ሰፍቶታል። ከቤት ወደ በረት ሲሄድ የግራ እግሩ ጫማ መሬቱን እየጫረ ይሰማኛል። ያን ድምፅ 38 ዓመት ዋርድ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። በማግስቱ ይዤው ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ኤም.አር.አይ. ሲነሣ የታችኛው ወገብ አራተኛና አምስተኛ አጥንቶች፣ በመካከላቸው ያለው ዲስክም ተበልቷል። አጠገቡ መግል ቋጥሯል። ሕመሙ እርጅና አልነበረም፤ ተባይ ነው፤ ባክቴሪያ።

አከርካሪ ላይ የሚሰፍሩት እነማን ናቸው?

አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከጅማት የሚመጣ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ስለዚህ ወገቡን ያመመው ሁሉ አይደንግጥ። ባክቴሪያ አከርካሪ ላይ የሚሰፍረው በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። የሚዘገየውም ለዚሁ ነው፤ ጥቂት ስለሆነ አይታሰብም።

ተባዩ ብዙውን ጊዜ በደም ተጉዞ ነው የሚደርሰው። የአከርካሪ አጥንት ብዙ ደም የሚያገኝ አጥንት ስለሆነ ከሌላ ቦታ የተነሣ ባክቴሪያ እዚያ ማረፊያ ያገኛል። እኛ አገር ሦስት ዓይነት ብናውቅ ይበቃናል።

የመጀመሪያው ቲቢ ነው። ቲቢ የሳንባ በሽታ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ነገር ግን አጥንት ላይ ከሚወጣው ቲቢ ግማሽ ያህሉ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጀርባ መጉበጥንና የእግር መስነፍን አያይዞ ስለጻፈበት ሐኪሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። በዝግታ ነው የሚሄደው፤ ወራት ይፈጅበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ መካከለኛው ክፍል አንሥቶ እስከ ወገብ መጀመሪያ ያለውን ይይዛል። አጥንቱን ከፊት በኩል ስለሚበላው ሰውዬው ወደ ፊት ይጎብጣል። በልጅነቴ «ሰው ጥሎት ነው የጎበጠው» ሲባሉ የማውቃቸው ሰዎች ስንቶቹ የዚህ በሽታ ሰለባ እንደነበሩ እያሰብኩ አዝናለሁ።

ሁለተኛው ስታፊሎኮከስ የሚባለው፣ በቆዳችን ላይ የሚኖረው ተባይ ነው። እብጠትና ቁስል የሚያመግለው እሱ ነው። ከቁስል፣ ከመርፌ ወይም ለረጅም ጊዜ ደም ሥር ውስጥ ከቆየ ቱቦ ተነሥቶ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ይኼኛው ፈጣን ነው፤ በቀናትና በሳምንታት ያጣድፋል። ስኳር ያለባቸው፣ ኩላሊታቸውን በማሽን የሚታጠቡ፣ የሰውነታቸው መከላከያ የተዳከመ፣ አከርካሪያቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ።

ሦስተኛው ብሩሴላ ነው፤ በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከከብት፣ ከፍየል፣ ከበግና ከግመል የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ተባዩን እ.ኤ.አ. በ1887 በማልታ ደሴት ከሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች አገኘው። ከየት እንደሚመጣ ግን 18 ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለው የማልታ ሐኪም ጤነኛ የሚመስሉ ፍየሎችን ደም መርምሮ ምንጩን ደረሰበት። ወታደሮቹ የፍየል ወተት መጠጣት ሲያቆሙ በሽታው ቀነሰ። እንስሳው ምንም ሳይመስል ሰውን ማሳመም መቻሉን ልብ በሉልኝ። ይህ ተባይ ሲበዛ የታችኛውን ወገብና የዳሌን መገጣጠሚያ ይወዳል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ላብ፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል።

ምርመራው ለምን ይዘገያል?

ወንድሜ ያለፈበትን እያንዳንዱን በር አሁን መለስ ብዬ ሳየው እንዴት እንደተሸወድን ይገባኛል።

ራጅ መጀመሪያ ላይ አያሳይም። አጥንቱ በብዛት ካልተበላ በራጅ አይታይም፤ ያ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ኢንፌክሽን የለም» ማለት አይደለም። ኤም.አር.አይ. ነው ቀድሞ የሚያሳየው። ውድ ስለሆነ ሁሉም ሰው አይላክም፤ ግን ደም ተወስዶ የሚሠሩት ኢ.ኤስ.አር. እና ሲ.አር.ፒ. የሚባሉት ርካሽ ምርመራዎች ሰውነት ውስጥ መቆጣት እንዳለ ይጠቁማሉ። የቱ ተባይ እንደሆነ ባይናገሩም፣ ወገቡን እያመመው እነርሱ ከፍ ካሉበት ሰው «እርጅና ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም።

የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራ የሚባለውም በቀላሉ ያሳስታል። ከዚህ በፊት ከሌላ ተባይ ጋር የተገናኘ ሰው ደምም «አለ» ሊል ይችላል። ያን አምነን የምንውጠው አንቲባዮቲክ ደግሞ አከርካሪ ላይ ያለውን ተባይ ሳይገድል ለጊዜው ያደነዝዘዋል። ትኩሳቱ ሲወርድ ዳንን እንላለን። በኋላ ደም ለካልቸር ሲሰጥ ተባዩ አልበቅል ይላል። የዳይክሎፌናክና የዴክሳ መርፌም እንዲሁ ነው፤ ሕመሙንና ትኩሳቱን ሸፍኖ ቀን ያስረዝማል። ያን መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ።

ትልቁ ስሕተቴ ግን የመጣው ከኤም.አር.አይ. በኋላ ነው። ሐኪሙ እንዲህ አለን፤ «ኢንፌክሽን መሆኑ ተረጋግጧል። የትኛው እንደሆነ ግን ሥዕሉ ብቻውን አይነግረንም። በአገራችን ቲቢ ይቀድማል። ቢሆንም በቀጭን መርፌ ናሙና ወስደን እንየው።» የወንድሜ ልጆች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተር ታውቃለች» ነው ነገሩ። እኔም «አከርካሪውን መርፌ ነክቶት ሽባ ቢሆንስ? ቲቢ ነው ካላችሁ መድኃኒቱን ጀምሩለት» አልኩ። አሁን እንደማውቀው ናሙናው የሚወሰደው በሲቲ ስካን እየታየ፣ ከነርቭ ርቆ ነው። ከመርፌው ይልቅ ሽባ የሚያደርገው ሳይታወቅ የሚቆየው ተባይ ነው።

የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። በሦስተኛው ሳምንት ላቡ ቀነሰ፣ ምግብ መብላት ጀመረ። ሁላችንም «ተመስገን» አልን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ፤ ጉልበቱም አበጠ። መድኃኒቱን አንድ ቀን አላቋረጠም፤ ሚስቱ ቆማ ነው የምታስውጠው።

ያኔ ሌላ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ወረቀቱን ሁሉ ወደ ጎን አደረገና ወንድሜን እንደ አዲስ ይጠይቀው ጀመር። ምን ትሠራለህ? ከብት አለህ? ወተቱን አፍልተህ ነው የምትጠጣው? በዓመቱ ውስጥ ጽንስ የጣለች ላም አለች? ወንድሜ ግራ ገባው። «ዶክተር፣ የመጣነው ስለ እኔ ነው ስለ ላሟ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሐኪሙ ግን አልሳቀም።

«አዎ፣ አንዷ ሰኔ ላይ በሰባት ወሯ ጨነገፈች» አለ ወንድሜ። «እንግዴ ልጁ አልወጣ ሲላት በእጄ ነው ያወጣሁላት።» ያለ ጓንት፣ በባዶ እጅ። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ተናግሮት አያውቅም። እኔም እህቱ ሆኜ አልጠየቅሁትም።

የብሩሴላ የደም ምርመራ ታዘዘ። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ «አለ» አለ፤ ማረጋገጫውም ከፍተኛ መጠን አሳየ። በዚህ ጊዜ የመርፌ ናሙናውንም አልከለከልኩም። ለቲቢ በሚደረገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ አልተገኘም። ሐኪሙም «ሦስት ወር መድኃኒት ስለወሰደ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከደሙ፣ ከሥዕሉና ከላሟ ታሪክ ጋር ደምረን ነው የምንወስነው» አለን።

መጀመሪያ ለምን ተሻለው ታዲያ? ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ብሩሴላንም የሚያጠቃ ስለሆነ ነው። ብቻውን ግን አይጨርሰውም። ግማሽ ፈውስ አይተን ሙሉ መልስ ያገኘን መሰለን። የአከርካሪ ብሩሴሎሲስ ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒት ተጣምሮ ቢያንስ ለሦስት ወር ይፈልጋል። ወንድሜ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ የጄንታማይሲን መርፌ ተጨምሮለት አምስት ወር ታከመ።

ልጆች ላይ ምን እንይ?

ሐኪሙ የመጨረሻ ጥያቄው «ከዚያች ላም ሌላ ማን ጠጣ?» የሚል ነበር። የወንድሜ ልጅ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። የሰባት ዓመት ልጇ ክረምቱን አያቱ ዘንድ ነበር የከረመው። ከመስከረም ጀምሮ «ጉልበቴን፣ ዳሌዬን» ሲል እኛ «ዕድገት ነው፣ አጥንትህ እየረዘመ ነው» ስንለው ነበር። ማታ ማታ የሚተኩሰውን «ጨዋታ አብዝቶ ነው» አልነው። ተመረመረ፤ ተገኘበት። አያቱን በዕድሜ ሸኘነው፣ ልጁን በዕድገት። ደግነቱ አከርካሪው ላይ ሳይደርስ ለዕድሜው የሚስማማ መድኃኒት ጀመረ። ዛሬ ኳሱን እየጠለዘ ነው።

ትንንሽ ልጆች «ወገቤን» ብለው አይናገሩም፤ በአካሄዳቸው ነው የሚናገሩት። መቀመጥ ወይም መሄድ እምቢ የሚል፣ ሲያነሡት የሚያለቅስ፣ «እዘሉኝ» የሚያበዛ፣ ዳይፐር ሲቀየርለት እግሩ ሲነሣ የሚጮኽ ሕፃን መታየት አለበት። ከፍ ላሉት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሐኪሞች የሚያደርጉትን ቀላል ነገር ቤታችሁ ሞክሩ። መሬት ላይ ሳንቲም ወይም ብይ ጣሉና አንሣ በሉት። ጤነኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። አከርካሪው የታመመ ልጅ ጀርባውን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጎ በጉልበቱ ቁጢጥ ይላል፤ ሲነሣም ጭኑን ይደገፋል። ይህ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ወደ ሐኪም ለመሄድ ግን በቂ ምክንያት ነው። ሲወለድ የቲቢ ክትባት ቢወስድም ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል ማለት አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

በትልቅም በትንሽም ሰው የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ከመጣ አትቆዩ፤ ሲተኙ የማይተው ወይም ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ አከርካሪው ላይ ሲነካ የሚያም አንድ ቦታ ወይም አዲስ ጉብታ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ አለመሻል።

እግር ከሰነፈ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው መሄድ። ነገ የሚባል ነገር የለም፤ የተጨቆነ ነርቭ ቀን ካለፈበት ላይመለስ ይችላል።

ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። ከብት አለን፣ ጥሬ ወተት እንጠጣለን፣ ላም ጨንግፋለች፣ ቤታችን ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ነበር፣ ስኳር አለብኝ፣ በቅርቡ እንዲህ ያለ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ በሉ። የመድኃኒቱን ባዶ ልጣጭ ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ። ብሩሴላ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ ላቦራቶሪው አስቀድሞ ይወቅ፤ ካልቸሩ ጊዜ ይፈልጋል፣ ተባዩም ለላቦራቶሪ ሠራተኞች ያሰጋል። ናሙና እንውሰድ ሲሉም እንደ እኔ አትከልክሉ። ሕመምተኛው በድንገት እየባሰበት ካልሆነ በቀር ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል።

ወጌሻውንም አደራ። የተሰበረ እጅ የሚያቀና ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ፤ በተባይ የተበላ አከርካሪ ግን አይታሽም፣ አይረገጥም። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። የአከርካሪ ቲቢ ሕክምና ዓመት ያህል ይፈጃል፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ሳንባ ካልተነካ የአከርካሪ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሰሐን መለየት፣ ልጅ ማራቅ አያስፈልግም። ሳንባውም መመርመሩን ግን አረጋግጡ።

ወተቱስ?

ወተት አትጠጡ አላልኩም። ገንፍሎ እስኪነሣ ድረስ አፍሉት፤ ያ ይበቃል። እርጎም ከጥሬ ወተት ከተረጋ መኮምጠጡ ብቻ አያድንም፤ አፍልቶ አቀዝቅዞ ማርጋት ነው። ላም ስትጨነግፍ ወይም ስትወልድ እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ። ለውሻ አትስጡ፤ ቅበሩት፣ የእንስሳት ሐኪምም ጥሩ። እርጉዝ ሴት በፍጹም አትጠጋ፤ በሽታው ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

የወንድሜን ሁለቱንም ላሞች የእንስሳት ሐኪም መረመራቸው፤ የጨነገፈችው ተገኘባትና ተወገደች። ወንድሜ ከሕመሙ ይልቅ ለእሷ ነው ያለቀሰው። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፤ የግራ እግሩ ጣት እንደ ድሮው አይነሣም፤ አይመለስም ብለውናል። እኔን አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። የልጅ ልጆቹ ሲመጡ ግን ወተቱ እስኪገነፍል ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል።

ዛሬ ማታ ገጠር ላሉት ወላጆቻችሁ ደውሉ። «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ደህና ነን» ነው የሚሏችሁ። ሌሊት ያልባችኋል ወይ? ወተቱን ታፈላላችሁ ወይ? የጨነገፈች ላም አለች ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ስልኩን አብራቸው የምትኖረው ሰው ስትቀበል ደግሞ የምትለውን ልብ ብላችሁ ስሟት።